ሠላሳ ሁለት ኢንች

የአዲስ ካርቶንና የስታይሮፎም ሽታ ይህን ያህል ወደኋላ ይወስደኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን ነው። ልጄ ሩት ከምኖርበት ከዌስት ሴንት ፖል አንሥታኝ፣ ለልጆቿ ቴሌቪዥን ልትገዛ ሮዝቪል ካለ ትልቅ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ይዛኝ ሄደች። ልጆቹ አዲስ የጌም ኮንሶል ተገዝቶላቸው፣ "ቲቪው ትንሽ ነው፣ አይታይም" እያሉ ሲነዘንዟት ከርመዋል። እኔ ስለዚህ ዓይነቱ ነገር የማውቀው የለም፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን "ማሚ፣ ነይ እንሂድ" ካለችኝ የት ብዬ አልጠይቅም፣ ጫማዬን ነው የማጠልቀው። የሱቁ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ቴሌቪዥን ነው። አንድ ቀይ ወፍ በሁሉም ላይ እኩል ይነሣል፣ እኩል ያርፋል። ሩት ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች ቁጥር ትጠራለች፤ አርባ ሦስት፣ አምሳ፣ አምሳ አምስት፣ ስልሳ አምስት።

ሻጯ ዕድሜዋ ወደ አምሳ የሚጠጋ፣ የረጋች ሴት ናት። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ዋጋ አልነበረም።

"ሶፋው ከግድግዳው ምን ያህል ይርቃል?" አለቻት።

"ሰባት ጫማ ቢሆን ነው።"

"እንግዲያው አምሳ አምስቱ ይበቃሻል። ለፊልም ሲሆን ትልቅ ደስ ይላል፤ ጌም ግን ሌላ ነው። ነጥቡ አንዱ ጥግ ላይ ነው፣ ካርታው ሌላው ጥግ ላይ። ልጁ አንገቱን ሳያዞር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማየት አለበት። ስልሳ አምስቱን ካልሽ ሶፋውን ወደ ኋላ ግፊው።" ከዚያም፣ "ልጆቹ ሁልጊዜ ወደ ስክሪኑ እየተጠጉ የሚያስቸግሩሽ ከሆነ ግን ትልቅ ከመግዛትሽ በፊት ዓይናቸውን አስመርምሪ" አለች።

ሩት ሳቀች። "እሱንማ ለእኔ አትንገሪኝ" አለችና ጣቷን ግራ ዓይኗ አጠገብ አሳረፈች። "ይሄኛው ብዙም አይሠራም። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት መርምረውኝ፣ ለቤተሰቤ ደብዳቤ መላክ ረሱ።"

ለማታውቃት ሴት ስለ አየሩ እንደምታወራ በቀላሉ ነው የነገረቻት። እኔ የአንድ የተከፈተ ካርቶን ጠርዝ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አልረሱም። ደብዳቤው መጥቶ ነበር። እጄ ገብቷል፣ አንብቤዋለሁ።

ያኔ የምንኖረው ከስኔሊንግ አቨኒው ገባ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርታማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ስኔሊንግና ዩኒቨርሲቲ አቨኒው የሚገናኙበት፣ ዛሬ ባቡር የሚያልፍበት ቦታ፣ ያን ጊዜ አውቶቡስ የሚጠበቅበት ጥግ ነው፤ ነፋሱ ከአራቱም አቅጣጫ መጥቶ እዚያ የሚገናኝ ይመስል ነበር። ዛሬ በዚያ መንገድ በአማርኛ የተጻፈ የምግብ ቤት ታፔላ ማየት ብርቅ አይደለም። ያኔ ፌርማታ ላይ አንድ የአገር ሰው ካገኘን ስልክ ቁጥር ሳንለዋወጥ አንለያይም ነበር። ካፖርቴ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በአራት ዶላር የተገዛ፣ ወይን ጠጅ፣ ትከሻው በስፖንጅ የተቆለለ ነው፤ ስለብሰው ትከሻዬ ከእኔ ቀድሞ በር ይገባል ብሎ ባለቤቴ ተሾመ ይስቅብኛል። እሱ ዳውንታውን ሚኒያፖሊስ፣ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ሥር፣ ከመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት ይቀበላል። ከአገር ቤት የመጡ ካሴቶቹን እዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ይጨርሳቸዋል፤ ማታ ሲመጣ ደረጃውን የሚወጣው ጀምሮ ያልጨረሰውን ዘፈን እያንጎራጎረ ነው፣ አንደኛ ፎቅ ሲደርስ ድምፁን እለየዋለሁ።

እኔ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ነርሲንግ አሲስታንት ነበርኩ፤ ከማታ እስከ ጠዋት። ነርሷ ለሽማግሌዎቹ የዓይን ጠብታ ስታደርግ ጭንቅላታቸውን ደግፌ የምይዘው፣ "ወደ ላይ ይመልከቱ፣ ይበርቱ፣ ጎበዝ" የምለው እኔ ነኝ። ቀን እተኛለሁ። ልጆቹ፣ አቤልና ታናሽ እህቱ ሩት፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እኛ ዘጠኝ ሰዓት በምንለው ማለቴ ነው፣ ከትምህርት ቤት ሲመጡ እኔ ገና እንቅልፍ ላይ ነኝ። በሩን ከውስጥ ቆልፈው፣ ከፍሪጅ ላይ ያለውን በልተው፣ እኔ እስክነቃ ጌም ይጫወታሉ። ጌሙን ተሾመ ነው ከጋራዥ ሴል፣ ሰው አሮጌ ዕቃውን ደጁ አውጥቶ ከሚሸጥበት፣ ያመጣላቸው፤ ሁለት ጆይስቲክና አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ የጨዋታ ካሴት፣ ሁሉም በአሥራ ሁለት ዶላር። አልነሣም ሲል ካሴቱን አውጥቶ እፍ ማለት ነው፣ ይነሣል። ቴሌቪዥኑም ከዚያው ነው። አሥራ ዘጠኝ ኢንች፣ ጎኑ እንጨት የሚመስል ፕላስቲክ፣ አንቴናው ተሰብሮ በልብስ መስቀያ ሽቦ የተተካ። እውነቱን ለመናገር ጌሙን እኔም እወደው ነበር፤ ልጆቼን ዝም የሚያሰኝልኝ፣ የሚያስተኛኝ እሱ ብቻ ነበር።

የሚወዱት የመኪና ውድድር ነበር። ለሁለት ሲጫወቱ ስክሪኑ ከመሐል ይከፈላል፤ ላይኛው ለአቤል፣ ታችኛው ለሩት። አሥራ ዘጠኝ ኢንች ለሁለት ሲከፈል ምን ይቀራል? የሩት መኪና ከባቄላ አትበልጥም። ሩት ያኔ አንደኛ ክፍል ናት። ሁልጊዜ ትሸነፋለች፣ እየተሸነፈች ትጠጋለች፣ በመጨረሻ አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ ይደርሳል፣ ፊቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ። አቤል "ማሚ፣ ሸፈነችብኝ!" ብሎ ይጮሃል፣ እኔ ከእንቅልፌ እባንናለሁ። ዓይንሽ ይጠፋል፣ ዓይንሽ ይፈሳል፣ ስንቱን አልኳት! አንድ ቀን ከሥራ ያመጣሁትን ነጭ የቁስል ፕላስተር ምንጣፉ ላይ በረጅሙ ለጠፍኩና "ከዚህ መስመር ካለፍሽ ጌም የለም" አልኳት።

"አይ ካንት ሲ፣ ማሚ" አለችኝ።

"አቤል እንዴት ታየው? ስለተሸነፍሽ ነው።"

"አይታየኝም" አለችኝ ደግሞ፣ በአማርኛ። አማርኛ የምትናገረው በጣም ስትፈልገኝ ብቻ ነበር። አላመንኳትም።

ደብዳቤው የመጣው ከዚያ ብዙ ሳይቆይ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከተጨማደደ ሥዕልና ከብርቱካን ልጣጭ መሐል አገኘሁት፤ እሷ ራሷ ነች "ይሄ ያንቺ ነው" ብላ ያሳየችኝ። እንግሊዝኛዬ ለዚያ ይበቃ ነበር። ልጅዎ በዓይን ምርመራ አላለፈችም፣ በቶሎ የዓይን ሐኪም ይያት ይላል። ከታች የትምህርት ቤቱ ነርስ የሚስስ አርሊን ፊርማ አለ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ሁለቴ አነበብኩት። ሐኪሙ ምን ብሎ እንደሚጠይቀኝ አሁኑኑ የሰማሁት መሰለኝ፤ በቀን ስንት ሰዓት ስክሪን ፊት ትቀመጣለች? ያን ጊዜ ማን ነው የሚጠብቃት? አንቺ የት ነሽ? እንቅልፍ ላይ ነኝ ልለው ነው? በዚያ ዘመን በእኛ ሰው መካከል የሚወራ ወሬ ነበር፤ እገሌ ልጆቹን ብቻቸውን ትቶ ተገኘና መንግሥት ወሰደበት፣ እገሊትን ጎረቤት ጠቆመባት። እውነት ይሁን ውሸት ያረጋገጠ የለም፣ የፈራ ግን ሁሉ ነው። እኔም ፈራሁ። ከፍርሃቴ በታች ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፣ እሱን ለመናገር ዛሬም አፌ ይተሳሰራል፤ ጌሙን ውሰጂባት ይሉኛል ብዬ፣ ለእንቅልፌ ነው የሳሳሁት። ማታ ወደ ሥራ ስሄድ ደብዳቤውን አራት ቦታ ቀድጄ ፌርማታው አጠገብ ካለ ቆሻሻ መጣያ ጣልኩት። ሥራ ለቀቅ ሲል እወስዳታለሁ፣ በበጋ እወስዳታለሁ ብዬ ራሴን አባበልኩ።

እኔ የወሰድኳት ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ቴሌቪዥን ሱቅ ነው። ለተሾመ ስለ ደብዳቤው ምንም አልነገርኩትም፤ "ይህ ቲቪ የልጆቹን ዓይን ሊያጠፋ ነው፣ ትልቅ እንግዛ" ነው ያልኩት። አንድ ቅዳሜ አራታችንም በአውቶቡስ ሮበርት ስትሪት ካለ ሱቅ ሄድን። ተሾመ ሃያ አምስት ኢንቹ ፊት ቆመ። "ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ይሄ ይበቃናል" አለ። እኔ ሩትን ከኋላ ትከሻዋን ይዤ ወደ ኋላ አራመድኳትና "ከዚህ ይታይሻል?" አልኳት። ዘንበል ብላ አየች፣ አይታየኝም በሚል ራሷን ነቀነቀች። ወደ ሠላሳ ሁለቱ ወሰድኳት። "ከዚህስ?" ፊቷ በራ። "የስ!" አለች። ለዓይኗ ምርመራ ያደረግኩላት እዚያ ነው፣ ሱቅ ውስጥ፣ በገዛ እጄ፤ መልሱን ሰምቼም ቴሌቪዥን ገዛሁበት።

ተሾመ ለሻጩ እየሳቀ፣ "ሚስቴ ናት የመረጠችው፣ ለልጆች ዓይን መጨነቅ ትወዳለች" አለው። እኔ የካፖርቴን ቁልፍ እቆልፍ ነበር፣ ቀና አላልኩም።

የዚያን ዘመን ሠላሳ ሁለት ኢንች እንደ ዛሬው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቅጠል አይደለም፤ ከኋላው ሆድ ያለው፣ የአንድ ወፍራም ሰው ክብደት ያለው ነገር ነው። ተሾመና ሁለት የሥራ ጓደኞቹ ሦስት ፎቅ በየደረጃው እያረፉ፣ እየተሰዳደቡ፣ እየሳቁ አወጡት። ካርቶኑ ሲቀደድ ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። ያን ዕለት ሩት ለመጀመሪያ ጊዜ አቤልን አሸነፈችው። "ዊን አደረግኩ! ማሚ፣ ዊን አደረግኩ!" እያለች ክፍሉን ዞረች። ምንጣፉ ላይ ያለውን ፕላስተር ላጥኩት፣ አያስፈልግም ነበርና። ሶፋው ላይ ሆና ትጫወታለች፣ የሚጠጋ የለም፣ የሚጮህ የለም፣ እኔ እተኛለሁ። በጋው መጣና ሄደ። እነዚያ ሁለት ዓመታት በቤታችን ከነበሩት ሁሉ ሰላማዊዎቹ ነበሩ ብል አልዋሽም፤ የልጄ ግራ ዓይን በዝግታ የጠፋውም በነሱ ውስጥ ነው።

ሦስተኛ ክፍል ስትገባ አስተማሪዋ ለተሾመ ደወለች፤ ሩት ሰሌዳ አይታያትም አለችው። በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ተቀመጥን። ሁለቱም ዓይኖቿ መነጽር ይፈልጋሉ፣ ግራው ግን ከቀኙ እጅግ የባሰ ነው አለን ሐኪሙ። አእምሮ የሚደክመውን ዓይን ይተወዋል፣ በደህናው ብቻ ማየት ይለምዳል፤ በልጅነት ሲያዝ ይመለሳል። "እንሞክራለን፣ ግን ዘግይታችኋል። ሁለት ዓመት ቀድማችሁ ብትመጡ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምነግራችሁ። ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ላይ ይመረምሯቸዋል፣ ደብዳቤ አልደረሳችሁም?"

ተሾመ ወደ እኔ ዞረ። "አስካለ፣ የመጣ ወረቀት ነበር?"

"የለም" አልኩ።

ይኸው ነው። አንድ ቃል ናት። ብዙ ያሰብኩባት አልነበረችም፤ አፌ ላይ ቀድማኝ ነው የወጣችው፣ ከወጣች በኋላ ግን የምትመለስበት በር አላገኘሁላትም። ተሾመ በነጋታው ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ትምህርት ቤቱ ሄደ። እኔ አልሄድኩም፣ ተኝቼ ነበር፤ ማለት፣ አልጋ ላይ ነበርኩ። ሲመለስ ጃኬቱን ሳያወልቅ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። "ነገርኳት" አለኝ። "የልጄን ዓይን አጠፋሽ አልኳት። 'ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ' አለችኝ። እንዲህ ስትል ደግሞ የምለው ጠፋኝ።" ውኃ ሰጠሁት። 

ከዚያ ቀኙን ዓይኗን በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት መሸፈን መጣ፣ ደካማው እንዲሠራ። ሐኪሙ ጌም ብትጫወትም ይረዳታል ብሎ ነበር። በሠላሳ ሁለት ኢንቹ ፊት፣ አንድ ዓይኗ ተሸፍኖ፣ መኪናዋን እያጣቻት ታለቅስ ነበር። ትንሽ ተሻላት፣ ከዚያ ቆመ። ዛሬ መኪና ትነዳለች፣ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች፣ ሰው ከግራዋ ሲመጣባት ግን ትደነግጣለች። ተሾመ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መላክ ረሳ የሚለውን ታሪክ በየድግሱ፣ በምርቃቷም በሠርጓም ሲያወራ ኖረ፤ እኔ ያን ጊዜ ሁሉ ሰሃን የማነሣበት ምክንያት አላጣሁም። ከስድስት ዓመት በፊት ሲሞትም ያው ታሪክ እውነት እንደሆነ አምኖ ነው የሄደው።

እንግዲህ ሮዝቪል። አምሳ አምስቱ ተገዝቶ ኋላ ወንበር ላይ ተጋድሟል፣ ሩት ቀበቶዋን አሰረች፣ መኪናውን ከማስነሣቷ በፊት ግን እጇን ያዝኳት።

"ሩትዬ፣ ደብዳቤው ደርሶኝ ነበር" አልኳት።

"የምን ደብዳቤ?"

ነገርኳት። ፍርሃቱንም፣ እንቅልፉንም፣ የቀደድኩበትን ቦታም፣ ሱቅ ውስጥ ያራመድኳትንም።  ስጨርስ መሪውን ይዛ ወደ ፊት እያየች፣ "ባቢ ያውቅ ነበር?" አለች።

"አያውቅም።"

"ሚስስ አርሊን" አለች፤ ስሙ ከሩቅ ቦታ የመጣ ይመስል። "ሲታመሙ ልጆች ሁሉ ናርስ ኦፊስ ይሄዳሉ፣ እኔ አልሄድም ነበር። አንዴ ትኩሳት ይዞኝ አስተማሪዬ ወሰደችኝ። ግንባሬን ልትነካኝ ስትል እጇን መትቼ ጣልኩት። 'ዩ ብሮክ ማይ አይ'፣ ዓይኔን አበላሸሽው አልኳት። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ማሚ።" እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም። "ለእኔ የሆነውን እሺ። ደክሞሽ ነበር፣ ፈርተሽ ነበር፣ እሺ። እሷን ግን ለምን?"

 ቤቴ አደረሰችኝና "ቻው" ብላ ሄደች። ሦስት ሳምንት ስልኳ ዝም አለ። ያን ያህል ቆይታብኝ አታውቅም። ሰው ሲደውል ከማየቴ በፊት እሷ ትሆናለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፣ ደግሞ እሷ እንዳትሆንም እፈራለሁ።

በአራተኛው እሑድ መጣች፣ በር ላይ ቆማ አልገባም አለች። "አገኘኋት" አለችኝ። "እዚሁ ናት። ካፖርትሽን ልበሺ።"

ሚስስ አርሊን አረጋውያን በሚኖሩበት አንድ አፓርታማ፣ ፀሐይ በሞላው ክፍል ውስጥ ትኖራለች። አርጅታለች፣ እግሯ ያበጠ ነው፣ አእምሮዋ ግን ንጹሕ ነው። ሩት ስሟን ስትነግራት አሮጊቷ እጇን ለቀም አድርጋ ይዛ የሩትን ፊት ወደ መስኮቱ ብርሃን መለሰችና "ግራው" አለች። አስታወሰቻት። እኔ አልተቀመጥኩም። በጉዞው ሁሉ የተለማመድኩት እንግሊዝኛ ጠፍቶኝ፣ "ደብዳቤዎ ደርሶኝ ነበር። ቀደድኩት። ባሌን ዋሸሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብቻ አልኩ።

"እንደደረሰሽ አውቃለሁ" አለችኝ። "ደብዳቤውን በላክሁ ማግስት ሩትን ኮሪደር ላይ አግኝቼ ጠይቄያት ነበር። 'ለማሚ ሰጠኋት' አለችኝ።"

ሩት ቀና አለች። አላስታወሰችውም።

"ታዲያ ለባለቤቴ ለምን አልነገሩትም?" አልኳት። "ሲጮህብዎት ለምን ዝም አሉ?"

"ልነግረው ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። መጀመሪያ በጣም ጮኸ፣ እውነትሽን ነው። ከዚያ ልጆች ሲያማቸው የሚቀመጡባት ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ረጅም ጊዜ አለቀሰ። ለራሱ አልነበረም። 'ሚስቴ የሰው እናትና አባት ስታገላብጥ ነው የምታድረው' አለኝ፤ 'ትናንት ከሐኪሙ ስንመለስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ ራሷን እንዳትጎዳብኝ እፈራለሁ። እባክሽ የማን ጥፋት እንደሆነ ንገሪኝና ልንገራት' አለኝ። እኔም 'ጥፋቱ የእኔ ነው' ብዬ ነገርኩት።"

ሩት ወደ እኔ ዞረች፣ ዓይኖቿ ሞልተዋል።

"ባቢ አለቀሰ?" አለችኝ፣ በአማርኛ።

ከተሾመ ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። እናቱን የተረዳ ዕለት እንኳ አጠገቡ ነበርኩ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።